በበረኪና የታጠበ እርሾ

ባሌ ልብስ አጣቢ ነው። «ላውንደሪ አለው» ብዬ ላሳምረው እችል ነበር፤ እሱ ራሱ ግን አፉን ሞልቶ «አጣቢ ነኝ» ነው የሚለው። ሱቁ ምድር ቤት ነው፣ እኛ ከላይ እንኖራለን። የካውያው እንፋሎት በደረጃው ሽቅብ ስለሚመጣ የቤታችን መስኮት ክረምት ከበጋ ላብ ያላበው ይመስላል። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ጋሽ ሳሙና» ይለዋል። የሰፈር ልጆች ሊያናድዱት ብለው ያወጡለት ስም ነው፤ እሱ ግን ጭራሽ ወደደው። በእሱ ፈንታ የምናደደው እኔ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ሥራ የተከፋፈለው እንደዚህ ነው፦ እሱ ያጥባል፣ እኔ እናደዳለሁ።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሰው ፀጉር ሳጥብ፣ ስጠቀልል፣ ወሬ ስሰማና ወሬ ሳቀብል እውላለሁ። ማታ ስገባ እግሬ የእኔ አይደለም። ስለዚህ የቤታችንን ምግብ የምትሠራው እናቴ ነበረች። እኔ እንቁላል ከጠበስኩ ጎረቤት ተሯሩጦ ይመጣል፤ ሊበላ ሳይሆን እሳት ሊያጠፋ።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ አልጋ፣ ወንበርና መንገዱን የምታሳይ መስኮት። እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጣ የሱቁን ደንበኞች ትቆጣጠራለች። «ያ ባለ ኮቱ ዛሬም መጣ! አሁንስ ወጡን በአፉ ይብላ በለው!» ብላ ቁልቁል ትጮሃለች። ሰውየው ሰምቶ ቀና ሲል እሷ የለችም። ባሌ ሳቁን ውጦ ኮቱን ይቀበላል። ባሌ እናቱን ያጣው ጡት ሳይጥል ነው፤ አክስቶቹ እየተቀባበሉ ነው ያሳደጉት። አንጀቱ እሺ ብሎት «እማማ» ብሎ የጠራት የመጀመሪያዋ ሰው የእኔ እናት ናት። ሁለቱ ሲገጥሙብኝ እኔ የእንጀራ ልጅ እመስላለሁ። ነገሩ ያበሳጨኛል፣ ደግሞም ደስ ይለኛል።

የቤታችን ዳቦ የእሷ ነበር። ዱቄቱን አትነፋም፤ ስንዴው ከነፉርሽካው ተፈጭቶ እንደመጣ ነው የምታቦካው። የሱቅ እርሾ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። መደርደሪያው ጥግ ላይ አንዲት አፏ ጠበብ ያለ የሸክላ ማሰሮ ነበረች። እናቴ ሊጥ ባቦካች ቁጥር ትንሽ ታስቀርና እዚያ ውስጥ ታሳድራለች፤ ያ ለሚቀጥለው ዳቦ እርሾ ይሆናል። ማሰሮዋ አትታጠብም። ግድግዳዋ ላይ ተጋግሮ የደረቀው ሊጥ ራሱ እርሾ ነው። እናቴ ከእናቷ ስትቀበላት እንደዚያው ነበረች፣ እሷም እንደዚያው አቆየቻት። ከእሷ የሚወጣው ዳቦ ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ ሲቆረስ ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ ደግሞ እርጥብና ጎምዘዝ ያለ። ምግብ አላውቅም ያልኩት መሥራቱን ነው እንጂ በመብላቱስ ማንም አይቀድመኝም።

ከዚያ እናቴ ታመመች። ሳል ነው ብለን ስንንቀው ወደ ሳንባዋ ወረደና ሆስፒታል አስተኛት። ድና ወጣች፤ የወጣችው ግን ግማሿ ነው። ሹራቧ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ አስቸገራት። ሐኪሙ ሲያሰናብተን «መድኃኒቱን ጨርሳለች። ከእንግዲህ የሚያነሳት ምግብ ነው፤ በደንብ ትብላ። እሳት ዳር ግን እንዳትቆም» አለን። እኔና ባሌ ተያየን። ሲያየኝ ምን እንዳሰበ ገብቶኛል፤ ጎረቤቶቹ ናቸው ትዝ ያሉት።

«እኔ አበስላለሁ» አለ ወዲያው።

እንግዲህ ጋሽ ሳሙና ኩሽና ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ያጥባል እንጂ! ማታ ስመለስ ኩሽናችን የእኛ ቤት አልመስል አለኝ። ድስቶቹ ፊት ያሳያሉ። ወለሉ ላይ መርገጥ ነውር መሰለኝ። «እጅህ ይባረክ» ብዬ ተኛሁ፣ ምን ላውቅ!

በማግስቱ ጠዋት እናቴ አልጋዋ ላይ ደገፍ ብላ ልታሠለጥነው ተዘጋጀች።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ማሰሮዋን አምጣትና እርሾውን ልየው።»

ባሌ ማሰሮዋን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ታበራለች።

«እንዴ! ውጪዋን አጠብካት?»

«ውስጧንም ነው እንጂ እማማ! ከውስጧ ነው የጀመርኩት። የሆነ ነገር ግድግዳዋ ላይ ደርቆ ይሸት ነበር። በበረኪና ዘፍዝፌ፣ ፈትጌ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት። አይጨነቁ፣ አሁን ምንም የለባትም።»

በሩ ላይ ቆሜ አፌን በእጄ ያዝኩ። እናቴ ማሰሮዋን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት። ክፍሉ በረኪና በረኪና ሸተተ። «በናትህ እንዴት ብታጸዳት ነው! እናቴ ብታያት አታውቃትም» ብላ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷን አየሁት፤ እሱም አየው። ወደ ኩሽና ጎትቼ ምን እንዳደረገ ስነግረው ቀለሙ ተለወጠ። የደንበኛ ቁልፍ እንኳን ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው፣ የእናቴን እናት ነገር በገዛ እጁ ፍሳሽ ውስጥ ደፋው።

እኔ ደግሞ ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ! «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እኛንም ዘፍዝፈህ ታሰጣናለህ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ተይው!» አለች እናቴ ከክፍሏ። «እርሾ ዱቄትና ውሃ ነው፣ ሌላ ይሠራል። ልጄን አታስደንግጪብኝ!»

ልጄ ያለችው እሱን ነው፣ እኔን እንዳይመስላችሁ።

ባሌ አዲስ እርሾ ጀመረ። ያልተነፋ ዱቄት በለብታ ውሃ በጠበጠ፣ በነጭ ጨርቅ ከደነ፣ ሱቁ ውስጥ ካውያው አጠገብ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀመጠው። የመጀመሪያው የሰነበተ ካልሲ ሸተተ፤ እሱ ደግሞ ካልሲ ያውቃል፣ ደፋው። የሚቀጥለው ላዩ ላይ ሻጋታ አወጣ። ቀጥሎ የጣለው አረፋ ሲያወጣ ደስ ብሎት ሳይበስል ቸኮለና ሊጥ አቦካበት። ከኦቨኑ የወጣውን ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ጠረጴዛው ጮኸ። ወገኛ! በቢላ ሞከርነው፣ ቢላው ነው የተጎዳው።

«ጣለው በቃ» አልኩት።

«የምን መጣል ነው?» አለ። የሙያው ደንብ ነው። እሱ ጋ የሰው ልብስ አይጣልም፤ ካውያ ያረፈበት ሸሚዝ እንኳን ቢሆን የሚደረግ ነገር አያጣም። ያንን ጡብ በአይብ መፋቂያ ፋቀው፣ ዱቄት አደረገው፣ የቀጠነ የምስር ሾርባ አወፈረበት። ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበርና ያለ ጨው የተቀቀለ ገብስ ጨመረበት። ገብሱ ደግሞ በዝቶ ማንኪያ አቆመ፤ ውሃ ጨመረበት። እንዲህ እንዲህ እያለ በአንድ ድስት የጀመረው ሁለት ድስት ሆነ። ሌላ ቀን ሽምብራውን ሳይዘፈዝፍ ቀቅሎት ጠጠር አበላን። ምስሩ ሥር ሲይዝበት እኔ በማንኪያ ላማስለው ስንደረደር እጄን ያዘኝ። «አትንኪው! ሥሩን ከነካሽው ጢሱ ሁሉንም ይይዘዋል» ብሎ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገለበጠው። እውነቱን ነው፣ ያረረ ነገር አልሸተተም። «ይሄን ማን ነገረህ?» ስለው «ማንም፤ እድፍም እንደዚያ ነው፣ የማያውቁትን ከማሸት ላይ ላዩን ማንሳት ይሻላል» አለ። ሥራው ሁሉ ከሙያው ጋር ነው።

እናቴ ግን አልበላችም። የሾርባውን ውሃ ትጠጣለች፣ ምስሩና ገብሱ ሳህኑ ሥር ይቀራል። «ጠገብኩ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ትላለች። እኛ አንጀቷ የተዘጋው በእርሾው ሐዘን ነው አልን። ባሌ አመነ። የእሷን ዳቦ ሳይመልስላት እንቅልፍ እንደሌለው ነገረኝ፣ እውነትም አልነበረውም። እርሾውን ልጅ እንደሚያሳድግ ሰው ይንከባከበው ጀመር። ደንበኛ እያናገረ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ያየዋል። ቀስ በቀስ እርሾው ጉልበት አገኘ፣ ዳቦው ይነሳ ጀመር። ከዚያ ቅርፊቱን ማሳመር ያዘ፤ ኦቨኑን አግሎ፣ ውሃ ረጭቶ፣ መጨረሻ ላይ እሳት ጨምሮ። አንድ ቀን ሲቆርሰው የእናቴ ዳቦ ድምፅ ተሰማኝ። እውነት እላችኋለሁ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ቁራሹን ትኩስ ትኩሱን ወሰደላት። አገላብጣ አየችውና «እሰይ! የእናቴ ዳቦ ይኸውና!» አለች። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ባሌ ባዶውን ሳህን ይዞ ደረጃውን ሲወርድ ያፏጭ ነበር።

ግን እናቴ ከሳች። ሳህኑ ባዶ ይመጣል፣ እሷ ትከሳለች። ክሊኒክ ወስጄ አስመዘንኳት፣ ክብደቷ ከሆስፒታል ስትወጣ ከነበረውም ወርዷል። ሐኪሙ «ትበላለች ወይ?» ሲለኝ ከሰውየው ልጣላ ምንም አልቀረኝም። «በዐይኔ ባዶ ሳህን አያለሁ ዶክተር! ታዲያ ማን በላው፣ እኔ ነኝ?» አልኩት። እሱ ምን ያድርግ፣ ምርመራ አዘዘ፤ ምርመራው ደህና ሆነ።

ይሄን የሰማው ታላቅ ወንድሜ መጣ። እሱ ሌላ ከተማ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል። ድምፁ ትልቅ ነው፣ ልቡ ግን ደግ ነው፤ ስም አላጠፋበትም። እናቴን ሲያቅፋት አጥንቷ እጁ ላይ ስለቀረ ነው መሰለኝ ያ ድምፁ ጠፋ። ኩሽና ጠራኝና «አንቺ፣ እናታችን እያለቀች ነው» አለኝ።

«እንከባከባታለን'ኮ!»

«አትንከባከቧትም አላልኩም። አንቺ ከፀጉር ቤት አትወጪ፣ እሱ ከሱቅ አይወጣ። አማቼ ጨዋ ሰው ነው፣ እናታችንን ግን በዳቦ መለማመጃ አደረጋት። እኔ ቤት የሰለጠነች ምግብ አብሳይ አለች፣ ሰፊ ክፍል አለ። ለእሑድ መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ወንድሜ ቤት ሄጄ አድሬ አውቃለሁ። ሰፊ ነው፣ ግቢው ጥላ ነው፣ ሁሉ ነገር አለው። እሱና ሚስቱ በጠዋት ይወጣሉ፣ ልጆቹ አድገው ሄደዋል። አጥሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ከየትኛውም መስኮት መንገድ አይታይም። ለእናቴ ስንነግራት እጇን እጇን እያየች «እናንተ ካላችሁ» አለች። በቃ ይሄንኑ ነው ያለችው። እኔ ሽንጤን ገትሬ ልከራከር ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ? ሚዛኑን አይቻለሁ።

የዚያን ቀን ባሌ ካውያውን ነቅሎ ሸሚዝ ክምር ላይ ተቀመጠ። ሸሚዝ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። «እኔ ነኝ» አለኝ። «ማሰሮዋን ያጠብኩ ዕለት ነው ሆዷን የዘጋሁት። እናት አላውቅ፤ በስንት ጊዜ አንዲት አገኘሁና በገዛ እጄ አራብኳት።» አለቀሰ። አንጀቴን በላው። ሰድቤ የማልጠግበው ሰው፣ አንድ ስድብ አጣሁለት።

ነገሩ የተገለጠው በሳምንቱ መሐል ነው። ባሌ ለመንገዷ ልብሶቿን ሊያጥብ ሰበሰበ። ማንኛውም ልብስ ውሃ ሳይነካው በፊት ኪሱ ይፈተሻል፤ ይሄ የእሱ ሱቅ ሕግ ነው። እስክሪብቶ አንድ ማሽን ልብስ ያጠፋል። የእናቴ ባለ ኪሱ ሹራብ ውስጥ እጁን ሲከት በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አገኘ።

እኔ የደንበኛ ፀጉር እያጠብኩ ነበር። ሴትየዋ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ አረፋ በአረፋ ሆናለች። ባሌ በሩን ከፍቶ ገባ። ፀጉር ቤቴ መጥቶ አያውቅም፤ ወለል ላይ የወደቀ ፀጉር ካየ መጥረጊያ ካላመጣ አይቆምም። የዚያን ቀን ፀጉሩን ረግጦት አለፈና ሶፍቱን አፍንጫዬ ሥር ፈታው።

«ይሄን እዪ።»

የዳቦ ቅርፊት ነው። ደርቋል።

«እናቴ ኪስ ውስጥ?» ደሜ ፈላ። «ትደብቀዋለች ማለት ነው! ሳህን ባዶ እያደረገች ስታታልለን! ቆይ እኔ ነኝ ያለሁላት! አንድ ቃል "አልጣመኝም" ብትለን ምን ነበረበት?»

«ዝም ብለሽ እዪው እስቲ» አለኝ። «ቅርፊቱ ብቻ ነው። ውስጡ የለም። ዙሪያውን በጣቷ ልጣዋለች፣ እዪ፣ የጥርስ ምልክት የለውም። ውስጡን በልታዋለች። አልጣማት ቢሆን ውስጡንም ትተወው ነበር።»

«እትዬ፣ ውሃው ቀዘቀዘብኝ» አለች ደንበኛዬ።

«ቆይ የኔ እመቤት!»

ባሌ ቅርፊቱን ብርሃን ላይ አዙሮ ያየዋል፣ ልክ እድፍ እንደሚያይ። «የምስሩን ውሃ ትጠጣለች፣ ምስሩን ትተዋለች። ሽምብራ አትነካም። ዳቦው እየተሻለኝ በሄደ ቁጥር ቅርፊቱን አወፈርኩት፣ እሷም በዚያው ልክ ከሳች።» ቀና ብሎ አየኝ። «ሰው ሠራሽ ጥርሷን መቼ ነው አድርጋ ያየሽው?»

እውነትም! የእናቴ ጥርስ ከታመመች ጀምሮ ብርጭቆዋ ውስጥ ነው የሚውለው። ሰው ሲመጣ ታደርገዋለች፣ ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች። እኔ ጨዋነት መስሎኝ! ስትከሳ ድዷም ከስቶ ጥርሱ አልይዝ ብሏታል፤ ሲንቀሳቀስ ያቆስላታል። እናቴ አንዲት ቃል ተንፍሳ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው አይቃጠልም ነበር!

«አሁኑኑ ሄጄ ነው የማፋጥጣት» ብዬ ሽርጤን ልፈታ ስል ባሌ በሩ ላይ ቆመ።

«አትሄጂም።»

«ምን?»

«ደንበኛ የደበቀውን ነገር ኪሱ ውስጥ ሳገኝ አንድ ቀን "ምንድነው ይሄ?" ብዬ አውቃለሁ? ወረቀት ይሁን ፎቶ፣ በፖስታ አድርጌ ከልብሱ ጋር እመልሳለሁ። ያንን ሰው ነገ መንገድ ላይ በሰላም ማየት አለብኝ። እማማ መደበቅ ከፈለገች ምክንያት አላት። የእኛ ሥራ ዳቦውን ማስተካከል ነው።»

እኔ ነገር በሆዴ አያድርም፤ ይታወቃል። ግን ይሄ ሰው በትዳራችን ዘመን እምቢ ያለኝ ስንቴ ነው? አፌን ዘጋሁ። ደንበኛዬን በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅኳት፤ እሷም ወሬው ጥሟት ስለነበር አልተቆጣችም።

ከዚያ ባሌ ቅርፊት የሌለው ዳቦ ፍለጋ ገባ። ነጭ ዱቄት ገዝተህ ለስላሳ ጋግር አልኩት። «ያን ከበላች ሆዷ ይሞላል እንጂ አትፋፋም፤ ዱቄቱ የራሷ ይሁን» አለ። ዘዴው ከገዛ ሱቁ መጣለት። ደረቅ ሙቀት ጨርቅ ያደርቃል፣ እንፋሎት ግን ያለሰልሳል። ሊጡን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ አሰረው፤ ሳህኑን ውሃ ያለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጦ ከደነው። የመጀመሪያው መሐሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ሌላው ጊዜ ውሃው ተኖ አልቆ ድስቱ አረረ። ፉርሽካው ጉሮሮ እንዳይቧጥጥ ዱቄቱን ቀድሞ በለብታ ውሃ ማራስ ጀመረ፣ ያ ጠቀመ። እኔ የተበላሸውን ሁሉ እየበላሁ ወፈርኩ፤ ለዚህ ማንም አላመሰገነኝም። ቅዳሜ ዕለት የወጣው ልስልስ ያለ ነበር። ለእናቴ አልሰጣትም፤ ለእሑድ ምሳ፣ ወንድሜ ባለበት፣ ትኩሱን ሊያቀርብላት አስቦ ነው። እኔ ደግሞ የጓጓሁትን ያህል ፈራሁ።

እሑድ መጣ። የእናቴ ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ ልብሶቿ በካውያ ተተኩሰው ውስጡ ተደርድረዋል። እሷ ሹራቧን ለብሳ፣ ጥርሷን አድርጋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። የወንድሜ መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ባሌ የድስቱን ክዳን ሊከፍት ኩሽና ገባ። ከዚያ ድምፅ አልሰማሁም። ስገባ ክዳኑን እንደያዘ ቆሟል። ጨርቁን ያሰረበት ክር ተፈትቷል። ውሃው ሲንተከተክ ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ዳቦው ሟሙቷል፤ ገሚሱ ሊጥ፣ ገሚሱ ዳቦ፣ የተቀረው ውሃ።

«አለቀልኝ» አለ።

«ምኑ ነው የሚያልቅልህ!» ጮህኩበት፤ መጮኼን ሳላውቅ። «የሰው ልብስ አይጣልም ስትል የከረምከው ሰውዬ አይደለህም? በል አንድ ነገር አድርግ!»

ወንድሜ ደረጃውን እየወጣ ነው፣ እግሩ ከባድ ነው። ባሌ በጎን የተጣደውን የምስር ድስት አየ። ምስሩን ለዚያች ቀን ብሎ እስኪፈርስ ቀቅሎት ነበር። ዳቦውን በማንኪያ እያፈሰ ምስሩ ውስጥ ገለበጠው። በእንጨት ማማሰያ መታው፣ መታው። ሽንኩርት በዘይት አቁላልቶ ጨመረበት። ቀመሰ፣ ትንሽ ሎሚ ጨመቀበት። መልኩ እንደ ጭቃ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ሽታው ግን የእናቴ ዳቦ ሽታ ነው።

ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ባሌ በየሳህኑ ጨለፈ። ወንድሜ ማንኪያውን ከቶ ሲያነሳው ምግቡ ቀስ ብሎ ተመልሶ ሳህኑ ላይ ወደቀ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዳቦ ነበር፣ ጋሼ» አለ ባሌ።

እናቴ ቀመሰች። ማንኪያው አፏ ውስጥ ትንሽ ቆየ። ሁለተኛ ቀመሰች። እኔ የራሴን ሳህን ረስቼ ጉሮሮዋን አያለሁ፤ ይውጣል። ከዚያ ቀና ብላ ሳታይ ትበላ ጀመር። እንደዚያ ስትበላ ያየኋት ከመታመሟ በፊት ነው። ወንድሜ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። እናቴ የሳህኑን ሥር ጠርጋ ጨርሳ ወደ ባሌ ገፋችው።

«ጨምርልኝ።»

ባሌ ሲጨልፍላት ሳህኑን ስቶ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። እሱ አፍስሶ ሳይጠርግ ሲቀር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ፣ ምን ይደረግ።

ወንድሜ ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። «እማዬ፣ እንዲህ የምትበዪ ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ሆነሽ ነው?»

እናቴ ባሌን አየችው። እሱ ዐይኑን ከጭልፋው አላነሳም። ማወቁን ያኔ ነው ያወቀችው መሰለኝ። ከዚያ በእኛ ሁሉ ፊት እጇን አፏ ውስጥ ከትታ ጥርሷን አወለቀችና ሳህኗ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይሄ አልይዝ አለኝ» አለች። ፊቷ ትንሽ ሆነ፣ ቃሏም ተንሻፈፈ። «ማኘክ አልችልም።»

«ታዲያ አትናገሪም እማዬ?»

«ማኘክ እንኳን አቃታት፣ እዚህ የሚያስታምማት የለም ብለህ እንዳትወስደኝ ነዋ። አንተ ቤት ደግ ነው፣ ልጄ፤ ክፋት የለውም። ግን ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ላወራ ነው? እዚህ የምቆጣው ሰው አለኝ።»

የወንድሜ ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደሄደ እንጃ። «እኔ እኮ የራበሽ መስሎኝ ነው» አለ።

«ርቦኝ ነበር» አለች እናቴ። «በጣም ርቦኝ ነበር። ከረሃቡ ግን መሄዱ ባሰብኝ።»

ወንድሜ ጥርሷን አየ። ከዚያ ተነስቶ የእሷን ሳህን በሁለት እጁ አነሳና ለባሌ ዘረጋለት።

«ጨምርላት» አለው።